ቅዳሜ በባዶ ሆድ

ምን ሆኜ ነው ደግሞ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ይቺን ባለ ሦስት እግር ረክሻ የተሳፈርኩት፣ ጎህ ሲቀድ በእግሬ ብወጣ ኖሮ እስካሁን ደርሼ፣ አደይ ወርቂን አቁርቤ፣ ቁርሳቸውን አብልቼ፣ እየተጨቃጨቅን ነበር፣ አሁን ግን ኢሀብ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የኋላው ጎማ ይሽከረከራል፣ ይሰምጣል፣ ጭቃው እየተፈናጠረ ቀሚሴ ላይ ይለጠፋል፣ የሱዳኗ ገዳሪፍ መረሬ አፈር ነው እኮ፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት ሰው የሚውጥ። ዝም በይ። መናገር የለም። ጌታ ደረትሽ ላይ ነው።

ከነጠላዬ ስር ነጭ ከረጢት፣ ከረጢቷ ውስጥ ትንሽ ክብ ሣጥን፣ ሣጥኗ ውስጥ ቅዱስ ቁርባን፣ ለአንዲት አሮጊት፣ ለአደይ ወርቂ፣ አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። አባ ተኸስተ ለበሽተኞች እንዳደርስ ሲፈቅዱልኝ ያስጠነቀቁኝ ይሄን ነው፣ ዕፀገነት፣ እሱን ይዘሽ ስትሄጂ ወሬ የለም፣ ሱቅ ጎራ ማለት የለም፣ ጌታን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ሽንኩርቱ ስንት ነው እንዳትይ። እኔን ዝም በይ ማለት ደግሞ አትተንፍሺ ማለት ነው፣ ይሄን መላ ቁምስናው ያውቃል፣ መዘምራኑ ያውቃሉ፣ ግቢውን የሚጠርጉት ሴቶች ያውቃሉ፣ አባም ያውቃሉ፣ አውቀው ነው የሰጡኝ፣ ቢያንስ ቅዳሜ ጠዋት ጆሯችን ይረፍ ብለው ይሆናል። አፌ ዝም ይላል። ሆዴ ይለፈልፋል።

ኢሀብ እንኳ ለምዶታል። እስላም ነው፣ የልጆች አባት ነው፣ ነጠላዬን ደረቴ ላይ ሰብስቤ ከወጣሁ ሙዚቃውን ጥፍት ያደርጋል፣ ሰይድና ዒሳ አብሮሽ ነው ያ ኻልቲ ይለኛል፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ ጌታ ኢየሱስ አብሮሽ ነው ወይ እያለኝ ነው፣ አዎ ለማለት ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው የሚነዳኝ። ሌላ ቀን ያንገጫግጨኛል። አንዴ ምነው ብዬ ብቆጣው፣ ዛሬማ ብቻሽን ነሽ አለኝ፣ ቀላል ሰው እንዳይመስልሽ። ዛሬም ጉድጓዱን ሲዞር ነው እዚህ የከተተን ምስኪን፣ ወርዶ ይገፋል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጠቁሯል፣ መዓሊሽ፣ መዓሊሽ ይላል፣ ይቅርታው ለእኔ አይደለም፣ ከረጢቷን እያየ ነው።

ፀሐይዋ ከማሽላ ጎተራው በላይ ወጥታለች። እሱ ነው ያስፈራኝ፣ ጭቃው አይደለም። አደይ ወርቂ አሁን መርፌያቸውን ወግተዋል።

ስኳር በሽታ አለባቸው፣ ሐኪሙ ጠዋት መርፌውን ይውጉ፣ ወዲያው ይብሉ ብሏቸዋል፣ ተወግቶ ሳይበላ የቆየ ሰው ይወድቃል፣ ይሞታልም፣ ይሄን በሌላው ቀን ሁሉ ያከብራሉ፣ መድኃኒቷን ከውሃ ጋኑ ስር፣ ጠብ ጠብ የሚልበት ቀዝቃዛ አሸዋ ውስጥ ነው የሚቀብሯት፣ ያወጣሉ፣ ይወጋሉ፣ ገንፏቸውን ይበላሉ። ቅዳሜ ግን መርፌው አለ ገንፎው የለም። ጌታ ሊመጣ ነዋ። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ጠብታ ውሃ የለም። እንግዲያው መርፌውን ያቆዩት አደይ፣ እኔ እስክመጣ፣ አልኳቸው። ለሐኪሙ ቃል ገብቻለሁ ጓለይ አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ለጌታም ጾሜን ሰጥቻለሁ፣ የማንኛቸውንም አላጥፍም። እኔ ፀሐይ ሳትወጣ እደርሳለሁ፣ የወጉበትን ጥጥ ሳይጥሉ አቆርባቸዋለሁ፣ አሜን ካሉ በኋላ ገንፎው ነው፣ በዚህ በዚህ ስንት ክረምት ተሻግረናል። ዛሬ አልደረስኩም።

አባ ራሳቸው ሄደው አስረድተዋቸዋል፣ በትግርኛ፣ እጃቸውን ይዘው፣ አደይ፣ የታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ለጤነኛውም አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። አደመጡ፣ መስቀሉን ተሳለሙ፣ እሺ አባ አሉ፣ በሳምንቱ እንደገና በባዶ ሆድ። ምነው ስላቸው፣ የትግራይ፣ የዓሊቴና ልጅ ነኝ ይሉኛል፣ በእኛ አገር ምራቃችንን ሳንውጥ ቆመን ነው የምንቀበል፣ የዚህ አገር ሕግ ለዚህ አገር ሰው ይሁን።

ደግሞ እኔ ምን አፍ አለኝ። ዓርብ እዚህ የሥራ ዕረፍት ስለሆነ ትምህርተ ክርስቶስ የማስተምረው ዓርብ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከካርቱም የተፈናቀሉ ሰዎች ስለሚተኙበት ከኒም ዛፉ ስር፣ የደቡብ ልጆች፣ የኑባ ልጆች፣ የትግራይ ልጆች፣ ባረብኛ፣ ከቁርባን በፊት ስንት ሰዓት ነው የምንጾም ልጆች፣ አንድ ሰዓት፣ ጎበዞች። ልጆቹን አጨበጭብላቸዋለሁ፣ እኔ ግን ከማታው ጀምሮ ውሃም አልቀምስ። የመተማ ልጅ ነኝ፣ ኦርቶዶክስ ሆኜ ነው ያደግሁ፣ ለሃየሎም ብዬ፣ ነፍሱን ይማረውና ለባሌ ብዬ፣ ካቶሊክ ሆንኩ፣ ከዚያ ወደድኩት፣ ዝማሬውን፣ ከበሮውን፣ እሑድ እሑድ ያ ሁሉ ቋንቋ አንድ ጣሪያ ስር ሲንጫጫ፣ ግን ሆዴ ገና አልተቀየረም፣ አባ ግማሽሽ መተማ ነው ያለሽ ይሉኛል። አሁን እሳቸው ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ናቸው፣ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦባቸዋል፣ ነገ ካልደረሱ ያለ ቅዳሴ እኔ ነኝ ጸሎቱን የምመራ፣ ይሁን፣ የነገን ነገ።

ይሄው ጾሜ ነው እኮ ከአደይ ወርቂ ጋር ያገናኘኝ። መጀመሪያ እጄን አልቀበልም ብለው ነበር፣ ሴት ቅዱሱን ነክታ፣ ኣይፋል፣ አይሆንም፣ ካህን ይምጣ። ካህኑ ደግሞ አንድ ነው፣ ካምፑም ገላባትም ሾዋክም የሱን ዓይን ነው የሚያይ። ይዤው ሄጄ ይዤው ተመለስኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲሁ። ተቀይሜ ነበር፣ አልዋሽም፣ አኩርፌ ነው የምመለሰው፣ ግን በሳምንቱ እግሬ እዚያው ይወስደኛል፣ ጸጉራቸውን አበጥርላቸዋለሁ፣ ወንጌሉን አነብላቸዋለሁ፣ አንድ ቀን ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ውሃ ቀዱልኝ፣ አልጠጣም አልኩ፣ ለምን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ስለምቆርብ ነዋ። ጣሳውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ከማታ ጀምሮ ነሽ አሉኝ። ከማታ ጀምሮ። እንዲያ ከሆነማ ስጭኝ አሉና አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን በዚህ ዓለም የሚቀማኝ የለም፣ እናቴን በልጅነቴ ቀብሬያለሁ፣ ጭቅጭቃቸው ራሱ ናፍቆኝ ነው የምነቃ።

ረክሻው አይወጣም። ደውይ። መናገር የለም ተብሏል። ሰው ሊሞት ነው፣ ጌታ ራሱ ደውይ ይለኛል። ስልኬን አወጣለሁ፣ ጎረቤታቸው ትብለጽ፣ ግቢው አንድ ነው፣ ትብለጽ አንሺ፣ አንሺ እናቴ፣ ሸበካው የለም፣ ደግሜ፣ የለም፣ ኔትወርኩ ዝናብ ሲነካው ይሞታል፣ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ናት፣ ገና በጠዋቱ ወጥታለች። ኢሀብ፣ እላለሁ። ደንግጦ ዞረ፣ ከረጢቷን ይዤ ድምፄን ሰምቶ አያውቅም። በእግሬ ልሂድ፣ አሮጊቷ ልትሞትብኝ ነው። ሂጂ ያ ኻልቲ፣ ጫማሽን አውልቂው።

አወልቃለሁ፣ አንዱን መረሬው አስቀርቶታል፣ ይቅር፣ በባዶ እግሬ፣ አንድ እርምጃ በተራመድኩ ቁጥር እግሬ ይከብዳል፣ ጭቃው ከስሩ እየተደራረበ፣ በአንድ እጄ ከረጢቷን፣ በሌላው ቀሚሴን፣ አባታችን ሆይ በሰማይ የምትኖር፣ ሲወድቁ ማን ያነሳቸዋል፣ ስምህ ይቀደስ፣ ማታ ሄጄ ብነግራቸው ምን ነበረበት፣ ዝናብ ነው ነገ እዘገያለሁ ይብሉ ብላቸው፣ አይበሉማ፣ ቢዘገይም ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ፣ መንግሥትህ ትምጣ፣ አንድ ሽማግሌ ከበራፉ ቆሞ ያየኛል፣ ነይ እግርሽን ታጠቢ ይለኛል ባረብኛ፣ እጄን አውለበልባለሁ፣ ቂቤ የምትሸጠው ሴት ኸይር ነው ትላለች፣ ደህና ነው ወይ፣ አላውቅም እናቴ፣ አላውቅም። የሞቱ እንደሆነ ምን ብዬ እቆማለሁ። እኔን ሲጠብቁ ሞቱ ልበል። ጌታን ሲጠብቁ ሞቱ ልበል። ደስ ይላቸው ይሆናል እሳቸው። እኔን አይለኝም። አትውሰዳቸው። ደረቴ ላይ ነህ፣ ትሰማኛለህ፣ አትውሰዳቸው፣ ይሄንን ያህል ተሸክሜሃለሁ።

በሩ ክፍት ነው። አደይ ወርቂ ገመድ አልጋቸው ጫፍ ላይ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ሻማው በርቷል፣ ንጹሕ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተነጥፏል፣ ተዘጋጅተው ነው የጠበቁኝ። ግንባራቸው ላብ በላብ ነው፣ በዚህ ቀዝቃዛ ጠዋት፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሸዊት መጣሽ ይሉኛል፣ ሸዊት ወደ ሊቢያ የሄደችው ልጃቸው ናት፣ አይ አደይ፣ እኔ ነኝ፣ ዕፀገነት፣ ሸዊት በሩን ዝጊው። አንደበታቸው እንደ ሰካራም ይጎተታል። ቶሎ ላቁርባቸውና ከዚያ ላብላቸው፣ ጥርሳቸው ገጥሟል፣ አፋቸው ደርቋል፣ በምን ይውጡታል፣ ቢወድቅስ፣ ቢያንቃቸውስ፣ የለም፣ መጀመሪያ ስኳር። ከረጢቷን አውልቄ ሻማው አጠገብ አኖራታለሁ፣ ይቅር በለኝ፣ አንድ ጊዜ ቆየኝ። የስኳሩ ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ ነው፣ በጣቴ ቆንጥሬ ወደ ከንፈራቸው ሳደርስ ግጥም ያደርጉታል። የት እንዳሉ አያውቁም፣ ማን እንደሆንኩ አያውቁም፣ ይሄን ግን ያውቃሉ። ቁርባን ይላሉ በጥርሳቸው መሃል። ቁርባን አለኝ።

አደይ ይክፈቱ። እባክዎ። ጌታ ይፈቅዳል፣ አባም ነግረውዎታል። ግጥም። ኧረ ይክፈቱ። እርስዎው ይጠፋብኛል፣ ክፈች፣ አፍሽን ክፈች ወርቂ፣ ጥለሽኝ ልትሞች ነው እንዴ፣ እያለቀስኩ ነው ለካ፣ በጭቃ እጄ ፊቴን ሞዥቄዋለሁ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደ ሕፃን፣ ሕፃን ምን ይደረጋል፣ ሕፃን እምቢ ሲል ቀምሰሽ ታሳዪዋለሽ።

ጣቴን ወደ ራሴ አፍ። ስኳሩ ምላሴ ላይ ይቀልጣል፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም ያልነካው ምላሴ ላይ፣ ይዩ አደይ፣ ይዩኝ፣ ገደፍኩ። ምላሴን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ። ዓይናቸው ከሩቅ ተመልሶ እኔ ላይ ያርፋል። ገደፍሽ ይላሉ። ገደፍኩ። አንች። አዎ እኔ። አፋቸው በድንጋጤ ይከፈታል፣ በዚያው ስኳሩን ድዳቸው ላይ አሻለሁ፣ ደግሜ፣ ደግሜ፣ መዋጥ ሲጀምሩ በውሃ በጥብጬ በማንኪያ፣ ቀስ ብለው፣ ትንሽ፣ አዎ እንዲያ፣ ጎበዝ፣ ከዚያ የትናንቱን ቂጣ እያራስኩ። ላቡ ይደርቃል። እጃቸው ይረጋል። አገጫቸውን ይጠርጉና ያዩኛል፣ ከላይ እስከ ታች። ዕፀገነት፣ በዚህ ጭቃሽ ነው ቤቴ የገባሽ። ሳቄ ይመጣል፣ ከልቅሶው ጋር ይደባለቅብኛል።

ከዚያ ሻማውን ያያሉ። ከረጢቷን ያያሉ። እጄን የተቀበሉት በባዶ ሆዴ ነበር፣ አሁን ሆዴም ባዶ አይደለም የሳቸውም ባዶ አይደለም፣ መልሰሽ ውሰጂው ቢሉኝ በዚያ ጭቃ መልሼ እወስደዋለሁ፣ ቅዳሜዬም አብሮ ይሄዳል። ጾማችንን አፈረስሽው ይላሉ። አፈረስኩት። ለእኔ ብለሽ። ለእርስዎ ብዬ፣ ለራሴም ብዬ፣ እርስዎ ከሌሉ ቅዳሜ ጠዋት ማን ጋ ልሂድ። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እያሻሹ ብዙ ያስባሉ፣ እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እንግዲያው አንሽኝ ይላሉ። ይቀመጡ አደይ፣ ገና አቅም የለዎትም። በእኛ አገር ቆመን ነው አላልኩሽም፣ ደግፊኝ።

እጄን ታጥቤ እመለሳለሁ። ሣጥኗን እከፍታለሁ፣ በግራ ክንዴ ወገባቸውን እይዛለሁ፣ ቀለዋል፣ አቡነ ዘበሰማያትን በግዕዝ ይጀምራሉ፣ እከተላለሁ፣ ሥጋሁ ለክርስቶስ እላለሁ፣ አሜን ብለው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ታችኛው ከንፈራቸው ላይ የስኳር ቅንጣት ቀርቷል፣ አልጠርገውም።