የዩኑስን ኮምፒውተር ምን ነካው?

መካ፣ መንሱር ሰፈር ፎቶ ቤት ያለው ዩኑስ፣ የሚያውቀው ሁሉ የለመደለት አንድ ጉራ አለው። «ስም ይጠፋኛል፤ ፊት ግን ወላሂ አይጠፋኝም» ይላል። የወሎ ሰው ነውና መሐላ ያበዛል እንጂ ነገሩስ ከውሸት የራቀ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ለመኖሪያ ፈቃዱ ለኢቃማና ለፓስፖርት ያነሣውን ሐበሻ ሁሉ፣ አንድም ፎቶ ሳይጥል፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀምጧል። ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ በኢቃማው ስም ፈልጎ አትሞ ይሰጠዋል።

ታዲያ ሰሞኑን ይኸው ኮምፒውተር ጉድ አመጣ። ዩኑስ ሱቅ ሊዘጋ ሲል «አፕዴት ላድርግ?» ብሎ ጠየቀው። «አድርግ፣ ማን ከለከለህ» ብሎ ፈቀደለት። ከዚያ ወዲህ አንድ ፎቶ ከፍቶ እስኪያሳይ ድረስ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። ዩኑስ አጥፍቶ አበራው፤ አልሆነም። የማይጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች አራገፈ፤ ምንም ለውጥ የለም። ቫይረስ ይሆናል ብሎ አስፈተሸው፤ ፍተሻው ግማሽ ቀን ፈጅቶ «ንጹሕ ነው» አለ። የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል።

ራሕመት የመጣችው በዚህ መሐል፣ ዙህር ተሰግዶ ሱቆች ሲከፈቱ ነው። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ማዳሟ ከነቤተሰቧ ለዑምራ ስትመጣ ይዛት መጥታ፣ «የዐስር ሶላት ሳይደርስ ተመለሺ» ብላ ለፓስፖርት ማሳደሻ የሚሆን ፎቶ እንድትነሣ ፈቅዳላታለች። ዩኑስ ነጩ መጋረጃ ፊት አስቀምጦ አነሣትና ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አስገባ። ኮምፒውተሩ ዝም አለ።

«ጋሽ ዩኑስ፣ በአላህ ይፍጠኑልኝ። ማዳም ትቆጣለች።»

«አብሽሪ የኔ ልጅ። እኔ ቀልጣፋ ነኝ፤ ይሄ ሰነፍ ነው የያዘኝ።»

ቁጭ ብላ ስትጠብቅ፣ ያገኘችውን ሐበሻ ሁሉ የምትጠይቀውን ጥያቄ እሱንም ጠየቀችው።

«የምሥራች ሁሴን የምትባል የወሎ ወረባቦ ሰው ያውቃሉ?»

ዩኑስ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አሰበ። «የምሥራች... አላውቃትም። ምንሽ ናት?»

«እናቴ።»

እናቷ ጡት ሳታስጥላት ለአያቷ ትታት ወደዚህ ተሻግራ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አያት ልጅቱን አዝለው ለሰፈራ ወለጋ ወረዱ። ስልክ በገጠሩ ባልነበረበት ዘመን እናት የላከችው መልእክት ሁሉ ሰው የሌለበት ቀዬ ላይ ቀረ። አንድ ፎቶ እንኳ አልነበራቸውም። ራሕመት የእናቷን መልክ አታውቀውም። ሳዑዲ የመጣችው ሌላው እንደሚመስለው ለደመወዙ ብቻ አልነበረም፤ ሐበሻ የሚበዛበት የጅዳ ሰፈር ካራንቲና ድረስ ሄዳ ጠይቃለች፣ ባላድ ገበያ ላይ ጠይቃለች፣ የምሥራችን አውቃታለሁ ያላት ግን የለም።

«ኮንትራቴ አልቋል» አለች። «ፓስፖርቴ እንደታደሰ ኸላስ፣ አገሬ እገባለሁ። ሞታም ከሆነ መልኳን አይቼ ብገባ ምን ነበረበት!»

ዩኑስ ፎቶዋን ቶሎ ሊያደርስላት ስልኩን አንሥቶ ጅዳ ደወለ። ባላድ ኮምፒውተር የሚጠግን ከማል የሚባል ጓደኛ አለው።

«ከማል፣ ይሄ ኮምፒውተር አፕዴት ካደረገ ወዲህ ሥራ አስፈታኝ። ልጣለው?»

«ቆይ እንጂ! የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ክፈትና ማሽኑን ማን እንደሚበላው እይ።»

ዩኑስ ከፈተ። የማሽኑን አቅም ጠቅልሎ የያዘው የፎቶ ማስቀመጫው ነበር፤ ሥሩ በዐረብኛ «ፊቶችን በመለየት ላይ» ይላል።

ከማል ሳቀ። «አልታመመም፣ ሥራ ላይ ነው። አፕዴቱ ያመጣው ነገር ነው፤ ያለህን ፎቶ ሁሉ እያየ፣ የአንድን ሰው ፊት ባንድ ላይ እየሰበሰበልህ ነው። የሃያ ዓመት ሕዝብ ጭነህበት ምን ያድርግ! ሲጨርስ ይፈጥናል። ከቸኮልክ ዝጋው።»

ዩኑስ ሊዘጋው ነበር። ግን ነገሩ የፊት ነገር ሆነና እጁ እምቢ አለው። እስቲ የሰበሰበውን ልየው ብሎ ከፈተው።

«ሱብሃነላህ!»

ፊቶች በየረድፋቸው ተሰልፈዋል። የቀን ሥራ የሚሠራው ደርበው መጀመሪያ ጉንጩ የጎደጎደ ጎረምሳ ሆኖ ይታያል፤ ቀጥሎ ሞላ ይላል፤ ቀጥሎ ሽበት ጣል ጣል ያደርጋል። ፈሪድ ጢም ሳያበቅል መጥቶ ጢሙን ሂና እስኪቀባ ድረስ አለ። ኢብሮ፣ አላህ ይርሐመው፣ በሁሉም ፎቶ ይስቃል፤ ረድፉ ግን አጭር ነው። ዩኑስ እነዚህን ሰዎች በየጊዜው እያስቀመጠ አንሥቷቸዋል፤ ዕድሜያቸው በእጁ ሲያልፍ ግን አላየም ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ራሕመትም ሳታስበው ከባንኮኒው ጀርባ ዞራ መጥታ አጠገቡ ቆማለች።

ይህን ጊዜ ማሽኑ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አምጥቶ ጠየቀ፤ አንድ ሰው ናቸው ወይስ አይደሉም? አንደኛዋ አሁን የተነሣችው ራሕመት ናት። ሌላዋ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው ዘሃራ ናት፤ ያውም የዛሬዋ ሳትሆን፣ ገና እንደመጣች የተነሣችው።

ዩኑስ ሳቀ። «አየሽው ይሄን ደንቆሮ? አንቺን ዘሃራ ናት ይላል!» ብሎ «አይደሉም» የሚለውን ሊጫን ሲል ራሕመት እጅጌውን ያዘችው።

«ቆይ! አይንኩት።»

ዞሮ ልጅቱን አያት። ማያውን አየ። እንደገና ልጅቱን አያት። ያው ጠባብ ግንባር፣ ያው የተጋጠመ ቅንድብ፣ በግራ በኩል ዝቅ የሚል ያው ከንፈር። ፊት አይጠፋኝም ባዩ ዩኑስ ዘሃራን በየሐሙሱ ሽሮ ሲገዛት ኖሯል። ይህችን ልጅ ደግሞ አሁን መብራት አብርቶ፣ ቀና በይ፣ ዝቅ በይ እያለ አንሥቷታል። ምንም አልታየውም ነበር። አፈረ፤ ከዕፍረቱ ይልቅ ግን በጨለማ ማህፀን ውስጥ ይህን ፊት ከዚያ ፊት የቀዳውን ጌታ ፈራ።

«ስሟ ግን ዘሃራ ነው» አለ። «ኢቃማዋ ላይ...»

ኢቃማ ሲል ለራሱ ታወሰው። በዚያ ዘመን ደላላ ባወጣው ስም ያልመጣ ማን አለ? እሱ ራሱ ዩኑስ የሚባለው በኢቃማው ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም እዚህ አገር የሚያውቅለት አንድ ሰው የለም።

የዘሃራን ረድፍ ከፈተው። ራሕመት ወደ ማያው ተጠጋች። ጥላት ከሄደችው ኮረዳ ጀምሮ፣ ባለፈው የሸዕባን ወር እስከተነሣችው ጎልማሳ ድረስ፣ ያላየቻቸው ዓመታት ሁሉ ፊት ለፊቷ ተደርድረዋል።

ዩኑስ ደወለና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«ዘሃራ፣ ዩኑስ ነኝ።»

«ሽሮው አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አገር ቤት ስምሽ ማን ነበር?»

ዘሃራ ለሌላ ደንበኛ «መጣሁ» ስትል ተሰማ።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ ምን ነካህ?»

«በአላህ ንገሪኝ።»

«የምሥራች» አለች፣ አፏ ላይ እንግዳ ሆኖባት። «ማነው የጠየቀህ?»

ራሕመት ሻርፗን አፏ ላይ ጭና ባንኮኒውን ተደገፈች። ቦርሳዋ ውስጥ የማዳም ስልክ ይጮኻል፤ አልሰማችውም። ዩኑስ ለዘሃራ ሊነግራት ፈለገ፤ አፉ ላይ የመጣለት ግን ደንበኛ የሚጠራበት የለመደው ቃል ብቻ ነበር።

«ፎቶሽ ደርሷል፤ ነይ።»

«የምን ፎቶ? እኔ ፎቶ አልተነሣሁም!»

ዩኑስ ማያውን አየ። ማሽኑ አሁንም «አንድ ሰው ናቸው?» ላለው መልሱን እየጠበቀ ነው።

«ተነሥተሻል» አላት። «ዛሬ ነው የተነሣሽው። ያላ፣ ሱቅሽን ለሰው ስጪና ነይ።»