የስንታየሁ እጅ

ባሌን ስንታየሁን በሕይወት ሳለ ከማሽን ጋር ተካፍዬዋለሁ። ሙዚቃ የሚሠራባትን ኮንትሮለር «ጣውንቴ» ነበር የምላት። ከፎቶ ቤቱ ሥራ መጥቶ እጁን ይታጠብና ቀጥታ ወደ እሷ ነው። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እነድዳለሁ። «ምን አላት እኔ የሌለኝ?» ስለው ይስቃል። ሲሰድቡት ከሚስቅ ሰው ጋር መኖር ከባድ ነው፤ ጠብ እንኳ አያጠግብም።

ቆሰበር የተከራየናት ቤት ሁለት ክፍል ናት። የውስጠኛውን ክፍል ግድግዳ በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኖ «ስቱዲዮ» ብሎ ሰየማት። ዋሽንት የለ፣ መሰንቆ የለ፤ ሁሉም ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። በቀኝ እጁ ኪቦርዱን ይጫወታል፣ በግራው ኮንትሮለሩ ላይ የተደረደሩትን ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ፌደሮች ይገፋል። አንዱ ፌደር የዋሽንቱ ትንፋሽ ነው። ሲገፋው ዋሽንቱ ይሞላል፣ ሲመልሰው ያቃስታል። «ኮምፒዩተር ሳንባ የለውም ማናለብሽ፤ ሳንባው የኔ ጣት ነው» ይለኝ ነበር። ማሽኗ ደግሞ የገፋውን ሁሉ ትይዛለች። ዜማው እንደገና ሲከፈት፣ ማንም ሳይነካው፣ ፌደሩ እሱ በገፋው መንገድ ራሱ ይወጣል፣ ራሱ ይወርዳል።

ለጥር የፈረሰኞች በዓል አንድ ዜማ ጀምሮ ነበር። እሱን ሳይጨርስ ለሠርግ ሥራ ወደ ጫግኒ ሲወርድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከቀብሩ በኋላ ብዙ ሰንብቼ ማሽኗን ከፈትሁ። አከፋፈቷን አሳይቶኛል፤ መብራት ስለማይታመን ከመዝጋቴ በፊት ሴቭ ማድረግ እንዳለብኝም ደጋግሞ ነግሮኛል። ድምፁን አጠፋሁት። ከሐዘን ቤት ዘፈን ከተሰማ ቆሰበር ዕድሜ ልኬን ያማኛል። እናም በዝምታ ውስጥ የትንፋሹ ፌደር ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ ወጣ፣ አመነታ፣ ከዚያ በአንዴ ገፋ አደረገ። ያ ማመንታት የስንታየሁ ነው፤ ጉርሻ ሲያጎርሰኝም እንደዚያው ነበር። አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስሁ። ፎቶማ ሞልቶኛል፤ ፎቶ አይንቀሳቀስም። ከባሌ የሚንቀሳቀስ ነገር ይህ ብቻ ቀረኝ።

ለብቻዬ መያዙ ግፍ መሰለኝና እናቱን እማማ ይታይሽን ከዘንገና አስጠራኋቸው።

«ይኸን ማን ነው የሚገፋው?» አሉኝ ደንግጠው።

«ስንታየሁ ነው እማማ። ያኔ የገፋውን ነው የሚደግመው። አይፍሩ፣ ይንኩት።»

ጣታቸውን ዘርግተው ፌደሩን ያዙት። ወዲያው ቀጥ አለ። እማማም በአዊኛ ያናግሩት ጀመር፤ በልጅነቱ በሚጠሩት ስም እየጠሩ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «አወቀኝ» አሉ። «እጄን ሲያገኝ ዝም አለ።» ከቀብሩ ወዲህ ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወሬ መቼ ተደብቆ ያውቃል! አርባው ላይ የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ ከጸሎቱና ከዝክሩ በኋላ ወደ ውስጠኛው ክፍል እየገባ ፌደሩን ተሳለመው። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ሳሙ። ፈረሰኞቹ መጡ፣ የፎቶ ቤቱ ሰዎች መጡ። ስንታየሁን በቁሙ «ሥራ ፈት» ስትለው የኖረችው ጎረቤቴ ምህረቴ እንኳ ይዛው ተንሰቀሰቀች። እኔም ደስ አለኝ፤ ሰው እንዲህ ይወደው ኖሯል አልሁ። ሁሉም ሲወጣ እንዳስተማረኝ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁ። እማማ ይታይሽ ግን በአርባው አልበቃቸውም። ገበያ በቆመ ቁጥር ይመጡና ዜማው ከተጀመረበት እስኪያልቅ ፌደሩን ይዘው ይቀመጣሉ። እኔም እንደ ልማዴ ሴቭ አድርጌ እዘጋለሁ።

አንድ ቀን ብቻዬን ስከፍተው ፌደሩ አልወጣም፣ አልወረደም። መሃል ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ተበላሸ ብዬ ሙእሚንን ጠራሁት። ሙእሚን ዳንግላ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው የባሌ ጓደኛ ነው፤ ማሽኗንም ያገጣጠሙት አብረው ነው። መጣና ድምፁን ከፈተ። ዜማው አለ፤ ዋሽንቱ ግን አይሞላም፣ አያቃስትም፤ ከዳር እስከ ዳር ይንቀጠቀጣል። ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይኸን ፌደር ማን ነካው?»

«ያልነካው ማን አለ?»

እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «ስንታየሁ ሊያርመው ለመቅዳት ክፍት ትቶት ነው የሄደው። እንዲህ ከተተወ ሰው በነካው ቁጥር የነካውን እጅ ይቀዳል። አዲሱን ሲቀዳ የድሮውን ያጠፋል፤ ሴቭ ከተደረገ ደግሞ አይመለስም። ድምፁ ተከፍቶ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ትሰሙት ነበር።»

«የስንታየሁስ?»

ኮምፒዩተሩን ሲያገላብጥ ዋለ። በመጨረሻ «ሌላ ቅጂ የለውም» አለኝ፤ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

«ታዲያ አሁን የሚንቀጠቀጠው የማን እጅ ነው?»

መልሱን እኔው አውቄዋለሁ። ብርጭቆ ሲይዙ ግማሹን ውሃ የሚያፈሰውን የእማማን እጅ እንዴት አጣዋለሁ?

የምቆጣው ሰው ፈለግሁ፤ ብፈልግ ብፈልግ የለም። ክፉ ያደረገ ሰው ቢኖርማ ተራግሜ ይወጣልኝ ነበር። ባሌ መጀመሪያ መንገድ ላይ ሲሞት ማንም አልደረሰለትም። ሁለተኛውን ሞት ግን ሁላችንም ደርሰን፣ እየሳምነው ገደልነው። አሁን ምንም የለኝም። ጠዋት የምነሣበትን ምክንያት አጥቻለሁ።

በገበያው ቀን እማማ መጡ። መብራት የለም ልላቸው አስቤ ነበር፤ አምፖሉ እላያችን ላይ በርቷል። ከፈትሁላቸው። ፌደሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እማማ ጎንበስ ብለው አዩት፣ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ማናለብሽ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል እኮ!»

«አዎ እማማ።»

«በርዶታል ልጄ። ያለበት ቦታ ብርድ ነው።»

አይንኩት ልል አፌን ከፈትሁ። ከምን ላድነው? ምን ቀርቶ? አፌን መልሼ ዘጋሁ። እማማ በሁለት እጃቸው አቀፉትና ትንፋሻቸውን እፍ እፍ አሉበት። እንባቸው ይወርዳል፣ ፊታቸው ግን ሥራ እንዳገኘ ሰው በርትቷል።

«በየገበያው እየመጣሁ አሞቀዋለሁ» አሉኝ።

«እሺ እማማ» አልኋቸው።