እማማ ነዚፋን ለማዝናናት የወጣ ዕቅድ

ኢልሀም በምትሠራበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ምንም ነገር በእምነት ብቻ አይታለፍም። ንጹሕ የተባለ ጠርሙስ ንጹሕ መሆኑ ይመረመራል፤ የመረመረው ሰው ደግሞ እጁን መታጠቡ ይመረመራል። ስለዚህ ቤተሰቧ እረፍት እንደሚያስፈልገው በወሰነች ጊዜ፣ እረፍቱ በዘፈቀደ እንዳይመጣባት የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ሁሉ ወሰደች። ሁለት ዓመት ተኩል የሞላቸውን መንታ ልጆቿን መህዲንና ሩሚሳን፣ ባሏን ጣሪቅን፣ የባሏን እናት እማማ ነዚፋን ይዛ፣ ከማያሚ ወዲያ ካሉት ደሴቶች አንዷ ላይ ወርዳ፣ ዘንባባ ሥር ተጋድማ፣ ምንም ላታስብ ቆርጣ ተነሣች። ምንም ላለማሰብ የሚያስፈልገውን ሁሉ ለማሰብ ክረምቱን በሙሉ ፈጀባት።

እውነቱን ለመናገር፣ በዕቅዱ ውስጥ ከባሕሩ የሚበልጥ ጉዳይ ነበረበት። እማማ ነዚፋ ከኮምቦልቻ የመጡት «ልጆቹን ዓይቼ ልመለስ» ብለው ነው። ዓይተው አላበቁም፤ አጠቡ፣ አጎረሱ፣ እሹሩሩ ብለው አስተኙ። ኢልሀምና ጣሪቅ አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን ካለው አፓርታማቸው ጠዋት ሲወጡ፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ማሰብ ከተዉ ቆይተዋል። አሁን ግን አሜሪካ ለአማቷ የፈቀደችው ስድስት ወር ሊያልቅ ነው። ማራዘሚያ ማመልከት ይቻላል፤ እሳቸው እሺ ካሉ። ላቦራቶሪው ደግሞ ልክ በዚህ ሰሞን ኢልሀምን የቀን ፈረቃ ኃላፊ ሊያደርጋት ፈልጓል። አማቷ ከቆዩ ኃላፊ ትሆናለች፤ ከሄዱ ሹመቱን አመስግና ትመልሳለች።

ታዲያ አንድን ሰው ለማቆየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «እባክዎ ይቆዩልኝ» ማለት ነው። ይህ ቀላል ስለሆነ ኢልሀም አልመረጠችውም። ሁለተኛው ባሕር ዳር ቤት መከራየት ነው።

«ጉቦ ነዋ!» አለ ጣሪቅ ነገሩን ሲሰማ።

«ጉቦ አይደለም፤ አፕሪሲዬሽን ነው፣ ምስጋና።»

«እኛ አገር እሱን ነው ጉቦ የምንለው።»

ጣሪቅ በኮሌጅ ፓርክ ሆቴሎችና በኤርፖርቱ መካከል ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። ሕፃናት ይዘው ለሽርሽር የሚሄዱ ቤተሰቦችን ሲሄዱም ሲመለሱም ያያል። ሲሄዱ ሻንጣ ይረሳሉ፤ ሲመለሱ ልጅ ለመርሳት ምንም አይቀራቸውም። ይህንን ለሚስቱ ሊነግራት ሞክሮ ነበር። እሷ ግን እነዚያ ሰዎች ዕቅድ ስላልነበራቸው ነው ብላ አሳጠረችው።

ባሕሩን የመረጠችውም ያለ ማስረጃ አይደለም። አንድ ቀን እማማ ነዚፋ ቴሌቪዥን ላይ ሰማያዊ ውኃ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ሲያዩ፣ «ሱብሐነላህ! ይኼ ሁሉ ውኃ ዳርቻ የለውም?» ብለው ነበር። እሳቸው ይህን ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ፤ ኢልሀም ግን ቃላቸውን ይዛ ቀረች።

ዜናው የተነገረው እራት ላይ ነው። ኢልሀም አሜሪካ የገባችው በአራት ዓመቷ ስለሆነ አማርኛዋ እንደ አትላንታ አውራ ጎዳና ነው፤ ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት መውጫው ያመልጠዋል።

«እማማ፣ ጉድ ኒውስ አለን! ባሕር ዳር ቤት ቡክ አደረግኩ። አንቺ እንግዳ ነሽ... ነዎት። ምንም አትሠሪም። ጀስት ሪላክስ ታደርጊያለሽ።»

«እንግዳ ነኝ?» አሉ እማማ ነዚፋ፣ ሩሚሳን በአንድ እጃቸው እያጎረሱ፣ መህዲን በሌላው ከጠረጴዛው ላይ እያወረዱ።

«ቪ አይ ፒ!»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«የክብር እንግዳ ማለቷ ነው» አለ ጣሪቅ።

«አላህ ያክብራችሁ። እኔማ እንግዳ ከሆንኩ ስንት ዘመኔ!»

ኢልሀም በዚህ ምርቃት ተበረታትታ ፕሮግራሙን ዘረዘረች። ጠዋት ጠዋት እሷና ጣሪቅ ወለሉ መስተዋት በሆነ ጀልባ ሄደው ዓሣ ያያሉ፤ ጀልባው ሕፃን ስለማይጭን እማማ ከልጆቹ ጋር አሸዋው ላይ ይዝናናሉ። ከቀትር በኋላ ልጆቹ ይተኛሉ፤ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው መኖር ስላለበት እማማ በአየር ማቀዝቀዣው ይዝናናሉ። ማታ ባልና ሚስቱ እራት ሲወጡ፣ እማማ ልጆቹን አጥበው፣ አብልተው፣ አስተኝተው በጸጥታው ይዝናናሉ።

እማማ ነዚፋ ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ የሸጡ ሴት ናቸው። ጥሩ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ የሚታጠፍ ጨርቅ ሁሉ ከሥሩ ቀዳዳ እንዳለው ያውቃሉ። አዳመጡ፤ ሩሚሳን አፏን ጠረጉላት።

«ባሕሩንስ በየትኛው ሰዓት ነው የማየው?» አሉ።

ኢልሀም በሐሳቧ ዕቅዷን ከላይ እስከ ታች ቃኘች። ዕቅዷ ውስጥ ለፀሐይ ቅባት እንኳ ሰዓት ተመድቧል።

«ሁልጊዜ ይታያል እማማ። ከመስኮቱ።»

«ደግ። እንዲያው ግን፣ ጨርቅ ሳይዳሰስ አይገዛም። ይቺን እንግድነት መጀመሪያ እዚህ አጠገባችን ካለው ሐይቅ ወስዳችሁ አንድ ቀን ብታስሞክሩኝ?»

ጣሪቅ ያነሣውን ጉርሻ መልሶ ሰሐኑ ላይ አኖረ። እናቱ በዚህ ለስላሳ ድምፅ ሲናገሩ፣ ደንበኛ ከስሮ እየሣቀ ሲሄድ በልጅነቱ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ዓይቷል። ኢልሀም ግን ደስታዋን መደበቅ አቃታት። እዚህ ቤት ውስጥ በመጨረሻ በሳይንስ የሚያምን ሰው ተገኘ!

ቅዳሜ ጠዋት የሐይቁ ጉዞ ተጀመረ። ሐይቁ ከቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ብዙ ዕቃ አላስፈለገም። ሁለት ጋሪ፣ ጃንጥላ፣ ድንኳን፣ የበረዶ ሳጥን፣ የዳይፐር ቦርሳ፣ ለዳይፐር ቦርሳው መጠባበቂያ የሚሆን ሌላ ቦርሳ፣ አሸዋ መጫወቻ፣ አሸዋ ማራገፊያ፣ እና ድንገት ቢታመሙ የሚሆን ሣጥን ብቻ ተጫነ። እማማ ነዚፋ የዒድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ጉልበታቸው ላይ አንዲት ትንሽ ፔርሙስ ብቻ ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ኢልሀም ከኋላ በሁለቱ የሕፃን ወንበሮች መካከል ተጠቅጥቃ ገባች።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ወንበር ተዘረጋላቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ተቀመጡ፤ እግራቸውን አጣጥፈው ውኃውን ማየት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ አልተነሡም።

በመጀመሪያ ይህን ማንም ልብ አላለም። ጣሪቅ ከድንኳኑ ጋር ይታገላል፤ ድንኳኑ ያሸንፋል። ኢልሀም መህዲን ቅባት ስትቀባ ሩሚሳ ዳይፐሯን አውልቃ ለባዕድ ሰዎች ታሳያለች። ሩሚሳን ስታስር መህዲ የተቀባውን ቅባት በአሸዋ ለውሶ ሌላ ቀለም ያለው ልጅ ሆኖ ይመጣል።

«አሸዋ በላ! ጣሪቅ፣ አሸዋ እየበላ ነው!»

«ማሻአላህ» አሉ እማማ ነዚፋ ከወንበራቸው። «ምግብ የማይመርጥ ልጅ።»

የሐይቁ ዝይዎች ሳንድዊቹን አይተው በሰልፍ መጡ። መህዲ ዝይ ሲያሳድድ፣ ዝይዋ ዞራ መህዲን ስታሳድድ፣ ጣሪቅ ሁለቱንም ሲያሳድድ ሩሚሳ የበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሲጨንቃቸው ወደ አያታቸው ሮጡ። እማማ ነዚፋ ግንባራቸውን ሳም ሳም አድርገው፣

«ወደ እናታችሁ ሂዱ የኔ ጌቶች። እኔ ዛሬ እንግዳ ነኝ» አሏቸውና መለሷቸው። ቀጥለውም ለማንም ሳይሆን ለሐይቁ፣ «እዚህ አገር እንግዳ ውኃ አይቀርብለትም እንዴ?» አሉ።

ኢልሀም ውኃ አቀረበች። ተመልሳም ባሏን ክንዱን ያዘችው።

«ንገራት እንጂ! አንዷን እንኳ ትያዝልን።»

«ምን ብዬ?»

«ጀስት... ተነሺ በላት!»

«እንግዳ ተነሽ ይባላል? እኛ ቤት እንግዳ ሰሐን ካነሣ አባቴ ሳምንቱን ሙሉ አያናግረንም ነበር።»

«እንግዳ ያልኩት ፎርማሊቲ ነው፣ ጣሪቅ!»

«እሷ ፎርማሊቲ አታውቅም። የክብር እንግዳ ነሽ አልሻት፤ ይኸው እየተከበረች ነው።»

በዚህ ክርክር መሀል ሩሚሳ ከሳጥኑ ወጥታ ወደ ውኃው ሮጠች። ኢልሀም ጮኸች፤ ጣሪቅ በድንኳኑ ገመድ ተጠልፎ ወደቀ። ሁለቱ ቀና ሲሉ እማማ ነዚፋ በዒድ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ልጅቱን በብብቷ አንጠልጥለዋታል። መቼ እንደተነሡ ያየ የለም። ሩሚሳን ለእናቷ አስረከቡ፣ ቀሚሳቸውን ጨመቁ፣ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ይቺ ለአላህ ናት» አሉ። «ከእንግድነቱ አትቆጠርም።»

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ጋሪያቸው ውስጥ እንቅልፍ ጣላቸው። ጣሪቅ ዕቃውን ወደ መኪናው ይመልሳል፤ መምጫው ላይ የገባው ዕቃ መመለሻው ላይ አልገባ ብሎ ከኋላው ዕቃ መጫኛ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው። ኢልሀም አማቷ እግር ሥር አሸዋው ላይ ተዘረረች። ፀጉሯ፣ ጥርሷ፣ ጆሮዋ አሸዋ ነው። እማማ ነዚፋ ፔርሙሱን ከፍተው ሻይ ቀዱላት።

«እንዴት ነበር እረፍቱ?»

«ሞቻለሁ፣ እማማ።»

«እኔ ግን አረፍኩ። ከመጣሁ ገና ዛሬ።»

አባባላቸው ውስጥ ተረብ ፈለገች፤ አላገኘችም። የባሰው ይኼ ነበር። አንድ ውጤት የማይፈለግ ቢሆንም ትክክል ከሆነ ከናሙናው ጋር እንደማይጣሉ ሥራዋ አስተምሯታል። ሻይዋን እስከ አጋማሹ ጠጣች።

«ቤቱን የተከራየሁት እንድትቆዪልኝ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሥራ ላይ ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነው። አንቺ ከሄድሽ እንዴት እንደምችለው አላውቅም። እንዴት እንደምጠይቅሽም አላወቅኩም።»

ሁሉም «አንቺ» ነበር፤ አንዱንም አላረመችም።

«ይኼንኑ ያን ማታ ብትይኝ ያን ማታውኑ እመልስልሽ ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

«አልቆይም ብዬ።»

ኢልሀም ቀና ብላ አየቻቸው። የአሮጊቷ ፊት ላይ ቁጣ የለም። ዓይናቸው ውኃው ላይ ነው።

«እዚያ ሱቅ አለኝ፤ ጎረቤት አለኝ። በሬን ከፍቼ የምወጣው እኔ ነኝ። እዚህ መኪና የሌለው ሰው መስኮት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ነው። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። የምወዳቸው ግን አያታቸው ሆኜ ነው እንጂ ተረኛ ሆኜ አይደለም።»

«እሺ» አለች ኢልሀም። ሻይዋን አሸዋው ላይ አቆመች። «ሹመቱን እመልሳለሁ።»

«ለምን ሲባል? ጣሪቅ ማታ ይንዳ። ማታ የሚያርፍ አይሮፕላን የለም? ቀን ልጆቹን ይያዝ።»

«ጣሪቅ?»

«አባታቸው እሱ አይደል? ሌላ ሰው ካለ ነግራችሁኝ አታውቁም።»

ኢልሀም ሣቅ አመለጣት፤ ሣቁ ውስጥ አሸዋ ስለነበረ ብዙ አሳላት። እማማ ነዚፋ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላትና ሌላ ሻይ ቀዱ።

ሰኞ ዕለት፣ በምሳ እረፍቷ ላይ፣ ኢልሀም ታጣፊ ሞባይሏን ከፍታ ወደ ደሴቲቱ ደወለች። ጉቦው ከሽፏል፤ ተቀባይዋ ጉቦው ሳይደርሳቸው መልሱን ሰጥተዋል። ከእንግዲህ ባሕሩ ለምንም ነገር አይጠቅምም። ኪራዩን ለመሰረዝም ጊዜው አላለፈም። ስልኩን ያነሣችው ሴት ምን ልርዳሽ ስትላት ኢልሀም ጥቂት አሰበች፤ ሳትሰርዝ የእንግዶቹን ቁጥር ቀየረች። ሁለት ሴቶች። ሴትየዋ የሕፃን አልጋዎቹስ ብትላት፣ አያስፈልጉም አለች። ጀልባውንም ጠየቀች፤ ለሁለት ሰው ቦታ ነበረ።

ማታ እራት ላይ ለጣሪቅ ነገረችው።

«የምንሄደው እኔና እማማ ነን።»

ጣሪቅ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔስ?»

«ፈቃድ ወስደህ የለ? ከእነሱ ጋር ትሆናለህ። እማማ ከሄደች በኋላ ቀኑ ያንተ ነው፤ ቶሎ ብትጀምረው ይሻላል።»

ወደ እናቱ ዞረ። እማማ ነዚፋ፣ ቀስ ብለው በማኘክ ላይ ነበሩ፤ ፓስታው ጨው ጎድሎታል ብለው ጨው እንዲያቀብላቸው ጠየቁት። አቀበለ። ከዚያ መህዲንና ሩሚሳን ተመለከተ። አንዱ በአባቱ ጫማ ውስጥ ፓስታ እየሞላ ነው፤ አንዷ የሞላውን በእጇ እየበላች ነው።

«ሁለቱንም?» አለ፣ አንዱን ይዘውለት የሚሄዱ ይመስል።