ሳኬላሪስ የጠራቸው እንግዶች

በሩ ላይ የቆሙት ባልና ሚስት ፊታቸው በሳቅ ተሞልቶ ነበር። ሰውየው ሻንጣውን አስቀምጦ «ሳኬላሪስ የት አለ? ይኸው መጣንለት» አለ። ከዚያ በሩን ከከፈተችው ከሳኬላሪስ ሚስት ከሴቫስቲ ኋላ ጥቁር ለብሰው የተቀመጡትን ሴቶችና ብራንዲ የተቀዳባቸውን ትንንሽ ብርጭቆዎች ሲያይ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

ሳኬላሪስ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

እንግዶቹ ስቴርዮስና ሚስቱ ሉኪያ፣ ከአገሪቱ ሰሜን ከተራራ መንደር የመጡ ናቸው። ስቴርዮስና ሳኬላሪስ በወጣትነታቸው በአንድ የጭነት መርከብ፣ በአንድ ጠባብ ክፍል፣ አምስት ዓመት ኖረዋል። ከተለያዩም በኋላ ሳኬላሪስ በየአዲስ ዓመቱ እየደወለ «ኑና ደሴቴን ካሊምኖስን ላሳያችሁ» ሲል ሠላሳ ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ፋሲካ ሲያልፍ እንመጣለን አሉት። እሱ ደግሞ ጓሮ ወንበር ሲጠግን ልቡ ቀጥ አለች። በለቅሶው መሐል እንግዶቹን ያስታወሰ አልነበረም።

ስቴርዮስ ተንሰቅስቆ አልቅሶ ሲበርድለት፣ በነገው መርከብ እንመለሳለን አለ። የሟች እህት ፖቲቲ ለሙታን መታሰቢያ የተቀቀለው ስንዴ ላይ ስኳር እየነሰነሰች፣ ይሻላል ስትል ተስማማች። ሴቫስቲ ግን ቀና አለች።

«ሦስት ቀን ልትቆዩ አልነበር? ትቆያላችሁ። ደሴቱን እኔ አሳያችኋለሁ።»

«አርባው ሳይወጣ?» አለች ፖቲቲ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ምን ይላል?»

«እሱን እንግዳ ጠርቶ ቀረ ከሚሉት እኔን ቢያሙኝ ይሻላል።»

በማግስቱ ጧት የጎረቤት ታክሲ ይዘው ሲወጡ፣ ወደቡ ዳር ቡና የሚጠጡት ሽማግሌዎች የባሏ አፈር ሳይደርቅ ሽርሽር ወጣች ተባባሉ። ሴቫስቲ ሰማች። የጨነቃት ግን ሌላ ነበር፤ ሳኬላሪስ ምን ሊያሳያቸው እንዳሰበ አታውቅም። ባሏ እራት ላይ «ጨው አቀብይኝ» ካለ ብዙ ተናገረ የሚባልለት ሰው ነበር። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት መርከብ ላይ ወጣ፤ በሰባተኛው ዓመት ድንገት ሻንጣውን ይዞ መጣ። ለምን እንደተመለሰ አልነገራትም። ከዚያ ወዲህ ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ መርከብ ሲያይ ባየችው ቁጥር፣ ልቡ እዚያው ባሕር ላይ ቀርቷል እያለች ኖረች።

ቫቲ ሸለቆ ሲደርሱ መንደሪኑ አብቦ ነበር። ስቴርዮስ ወርዶ በድንጋይ አጥሩ ሥር ጥቂት ሄደና አንድ የተናደ ቦታ ላይ ቆመ።

«የወደቅሽው እዚህ ነው?» አላት።

«የት ነው የወደቅሁት?»

«መንደሪን ሰርቀሽ አጥሩን ስትዘዪ።»

ሴቫስቲ ደነገጠች። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነበር፤ ለእናቷም አልተናገረችው።

«እሱ አይቶኛል እንዴ?»

«ጉልበትሽ እየደማ መንደሪኑን ልጠሽ በላሽ አሉ። ‹ያን ቀን አለቀልኝ› ይለን ነበር። መርከቡ ላይ ይህን የማያውቅ የለም፤ ወጥ ሠሪው ሳይቀር ያውቀዋል።»

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሚርቲየስ ባሕር ዳርቻ ላይ ስቴርዮስ ከማዶ ያለችውን ትንሽ ደሴት ቴሌንዶስን ሳይነግሩት አወቃት፤ ሴቫስቲ ከአንድ ጀልባ ነጂ ጋር የተጣላችበት መውረጃ የት እንደሆነ ጠየቃት፤ በሙሽርነቷ ወራት ስትዘፍን የነበረውን ዜማ እያሳሳተ አንጎራጎረላት። ሴቫስቲ ሳቀች፤ አፏን በጥቁር ሻርፗ ሸፈነች፤ እንደገና ሳቀች።

ባሕሩ ዳር ዓሣ አዝዘው እንደተቀመጡ፣ ሌሊቱን ስትፈራው ያደረችውን ጥያቄ ጠየቀችው።

«ለምን ተመለሰ? አባረሩት?»

«ማን ያባርረዋል?» አለ ስቴርዮስ። «ካፒቴኑ የመርከበኞች አለቃ ሊያደርገው ነበር። በማግስቱ ልብሱን ሰበሰበ። አብደሃል ወይ ስለው ‹ሴቫስቲ ብቻዋን እራት ትበላለች› አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።»

ሴቫስቲ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ለእኔ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች።

ሉኪያ እጇን ያዘቻት። «ናፍቆት የሚወራው ከሩቅ ነው፣ እህቴ። እቤቱ ከገባ በኋላ ምን ይበልሽ?»

ቤት ሲመለሱ ፖቲቲ በኩርፊያ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ሴቫስቲ አጠገቧ ቆማ የሰማችውን ሁሉ አወራቻት። ፖቲቲ ጀርባዋን ሳታዞር አዳመጠችና «ስለ እኔስ ምን ብሏል?» ስትል ጠየቀች። ሴቫስቲ ስቴርዮስን ጠራችው። ፖቲቲና ስቴርዮስ እስኪመሽ ወጥ ቤት ውስጥ ሲያወሩ ቆዩ።

በሦስተኛው ቀን እንግዶቹን እስከ ወደብ ሸኘቻቸው። ስቴርዮስ ሲሰናበታት ግንባሯን ሳማት። መርከቡ ከወደቡ አፍ እስኪወጣ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ቤቷ የሚያወጣውን ደረጃ ያዘች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው አልነበረበትም። ሴቫስቲ ግን ትከሻዋ ግድግዳውን እስኪነካ ተጠግታ፣ ሳኬላሪስ ከጎኗ እንዳለ ሁሉ ግማሹን ደረጃ ለእሱ ትታ፣ ቀስ እያለች ወጣች።