ሠላሳ ጋዋን በአንድ ልክ

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ታላቅ እህቱ ቁልፍ እተክልለታለሁ፣ እተኩስለታለሁ፣ ከደንበኛም ጋር እከራከርለታለሁ። እሱ ከንፈሩ መሀል ሁልጊዜ ስፒል ስለሚይዝ ክርክር አይሆንለትም።

ሱቃችን የታወቀው በልጆች ልብስ ነበር። ልጁ ከሞተች ወዲህ ግን፣ ዓመት ሊሞላት ነው፣ እናቶች ልጅ አስከትለው በመጡ ቁጥር «የልጅ አልሰፋም፤ ማዶ ሞክሩ» እያለ ይመልሳቸዋል። ማዶ ያለው ሰፊ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ እጅጌንና የሱሪ እግርን የሚለየው በግምት ነው። እኔን ያንገበገበኝ ግን የገበያው ነገር አይደለም። ወንድሜ የልጅ ልብስ ሲሰፋ ያፏጭ ነበር፤ ይኸው ስንት ወር ሙሉ ፉጨቱን አልሰማሁም።

ልጅቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከሱቁ የሚወጣው ልብስ ሁሉ በፊቷ ስለሚያልፍ «ዳኛ» ነበር የምንላት። «ይሄ ኮት ሰውዬውን አልወደደውም» ካለች ኮቱ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። የደም ካንሰር ሆስፒታል አስተኝቷት እንኳ ፍርዷን አልተወችም። ትልቁ ክሷ በሆስፒታሉ ጋዋን ላይ ነበር፤ ከኋላ ክፍት ነው፣ በክር ይታሰራል፣ ኪስ የሚባል ነገር የለውም።

«አይዞሽ፣ ልጅና ፊት አይበርደውም» ብያት ነበር አንድ ቀን ላስቃት ብዬ።

«አክስቴ፣ እኔን የበረደኝ ፊቴ አይደለም» አለችኝ።

አባቷ ደህና አድርጎ ሊሰፋላት ቃል ገባ፤ ሞት ቀደመው። ያን ሰሞን ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

የሞተችበት ቀን ዓመቱ ሲቃረብ ሚስቱ «ዳኛ የፈረደችው ይፈጸም» አለችው። «በእሷ ስም ለዚያ ክፍል ልጆች ሠላሳ ጋዋን ስፋ።» አስተማሪ ናት፤ ስታዝ ሁላችንም ተማሪዎቿ እንሆናለን። እሱም እሺ አለ።

በሦስተኛው ቀን ማፏጨት ጀመረ። ቁልፉን ወደ ፊት አመጣው፣ ትከሻውን ለመድኃኒት ቱቦ እንዲመች የሚከፈት አደረገው፣ ግራና ቀኝ ኪስ ለጠፈበት። ከዚህ በኋላ የእናቶቹንም ትእዛዝ ይቀበላል ብዬ ልቤ ሞላ። ቁልፍ ስተክል ደስታው ዓይኔን ጋርዶት ኖሯል፤ ምንም አላየሁም።

ቀኑ ሲደርስ ሦስታችን ተሸክመን ሄድን። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ግዙፍ ሴት ናት፤ ሳቋ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። ዳኛንም ያስታመመቻት እሷ ነበረች። ወንድሜ «እኔ ከዚሁ ሆኜ አያለሁ» ብሎ በሩ ላይ ቀረ፤ ነርሷ ማደል ጀመረች።

መጀመሪያ የደረሰው ለአንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ሕፃኑ ጋዋኑ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሁለት እርምጃ ተራመደና ጫፉን ረግጦ ቁጭ አለ። ቀጥሎ አንድ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ጎረምሳ ለበሰ፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ፣ ቁልፎቹም አንገናኝም አሉ። «የታናሽ ወንድሜን ነው የሰጣችሁኝ» አለ። ክፍሉ አውካካ። ነርሷ ሌላ አወጣች፣ ሌላም አወጣች፤ ሁሉም አንድ ልክ ነው።

«እዚህ ያለው ልጅ ሁሉ መንታ ነው ያላችሁ ማነው?» አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ወንድሜ ያን ሁሉ ሲቆርጥ ልክ አልጠየቀም፣ ልክ የምንጽፍበትን ደብተርም አላየም። እጁ ያለ ሜትር የሚያውቀው የልጅ ልክ አንድ ብቻ ነው፤ የዳኛ። ዞር ብዬ ሳየው እሱም ገብቶታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ዳኛ ብትኖር ሠላሳውንም ትመልሳቸው ነበር» አለችው ፈገግ ብላ። እሱ ግን አልሳቀም።

«እትዬ፣ አንቺ ለኪያቸውና ልካቸውን አምጪልኝ። እኔ ሱቅ ሆኜ እንደገና እሰፋለሁ» አለኝ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ልጅ ሳይለካ ከዚህ በር ከተመለሰ የልጅ ልብስ ነገር እስከ ወዲያኛው አብቅቷል። ስለዚህ ዋሸሁ።

«እኔ የቁልፍ ሰው ነኝ» አልኩት። «መለካት መቼ አስተማርከኝ?»

መለካት ከእሱ እኩል እችላለሁ። ሚስቱም ታውቃለች፤ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ጀመር። ወንድሜ ሊለማመጠኝ አፉን ሲከፍት ያ ሕፃን ጋዋኑን እየጎተተ መጥቶ፣ ወንድሜ ከልማዱ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር ጫፉን ያዘበት። ያዘና ሳበው። ወንድሜ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ተንበረከከ።

«ቀጥ በል» አለው።

ደረት፣ ትከሻ፣ ቁመት ይጠራልኝ ጀመር፤ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ አንዱን ልክ ሁለቴ ሦስቴ ይለካ ነበር። ጎረምሳው ጋ ሲደርስ ግን «ደረትህን አትንፋ፤ ቦክስ ልትገጥም አይደለም» አለው። ቀልድ ከአፉ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው። ከአልጋ አልጋ እየዞረ ሁሉንም ለካ።

መጨረሻ ላይ መስኮቱ አጠገብ የተኛች ልጅ ቀረች። ጋዋኗን ለብሳ፣ እጆቿን ኪሷ ከትታ ተቀምጣለች። ትከሻው፣ እጅጌው፣ ቁመቱ ልክክ ብሎላታል። ከዚያ ሁሉ ልጅ ልኩ የሆነው ለእሷ ብቻ ነው። ወንድሜ አየት አደረጋትና ዓይኑን አሸሸ።

«ያንቺ ደህና ነው» አላት ሊያልፋት ፈልጎ።

«ደህና አይደለም» አለች።

«ምን ሆነ?»

ጫፉን ገልብጣ አሳየችው። «ማደጊያ የለውም። እናቴ ስታሰፋልኝ ሁልጊዜ ማደጊያ ታስተውልኛለች። እኔ እኮ ገና አድጋለሁ።»

ሥራውን ለማያውቅ ልንገር። የልጅ ልብስ ሲሰፋ ጫፉ ሦስት አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ ይተዋል፤ ልጁ ሲረዝም ስፌቱ ተፈትቶ ይለቀቃል። ወንድሜ ያለ ማደጊያ የልጅ ልብስ ሰፍቶ አያውቅም። በሠላሳው ጋዋን ላይ ግን ለአንዱም አልተወለትም። እኔም ሠላሳውን ሁሉ ስተኩስ አላስተዋልኩም።

ወንድሜ ጫፉን በጣቱ ዳበሰ። እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሜትሩን ከትከሻዋ ወደ ታች ዘረጋ።

«ስንት ጣት ልተውልሽ?»

እጆቿን ከኪሷ አውጥታ ጣቶቿን ሁሉ ዘረጋቻቸው። «አሥር።»

«አሥርማ ይከብድሻል» አልኩ እኔ፤ አፌ መቼ ያርፋል።

«እትዬ፣ አሥር ብላለች» አለኝ ወንድሜ። «አሥር ጻፊ።»