ሙዝ ዛፍ አይደለም

«መምህር፣ እዚያ በር ላይ ምን ትሠራለህ? ና አጠገቤ ተቀመጥ!»

የጠራችው የሟቹ የካሱ ሚስት ሻሺቱ ናት። ጢሞቴዎስ ከድንኳኑ በር ጥግ ተነሣ፤ በእጁ የዘገነውን ንፍሮ የት እንደሚያደርገው ግራ ቢገባው ኪሱ ጨመረው። ካሱ ከተቀበረ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ጢሞቴዎስ ሁለቱንም ቀን የመጣው እየተሸማቀቀ ነበር፤ የካሱ ታላቅ እህት ልክነሽ በቀብሩ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜን የስልክ ቀልደኛ አደረገው! አሁን ስሙ ሲጠራ ሰው ይስቃል እንጂ ያለቅሳል?» ብላበታለች።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ጫኖ፣ በካሱ የሙዝ ማሳ ውስጥ ነው። ጢሞቴዎስ አርባ ምንጭ ባዮሎጂ ያስተምራል። በትርፍ ጊዜው ስለ ሳይንስ ቪዲዮ እየሠራ ቲክቶክ ላይ ይለቅ ነበር። የሚያየው አርባ ሰው ቢሆን ነው፤ ግማሹ ተማሪው፣ ግማሹ በስሕተት የገባ። ያን ቀን ስልኩን ደግኖ ስለ ሙዝ ሲያስረዳ ካሱ ከመስኖው ቦይ ብቅ ብሎ ይሞግተው ጀመር። ያንን ሙግት ሁለት መቶ ሺህ ሰው አየው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መምህሩ እውቀቱን፣ ካሱ ክርክሩን ይዘው ይገናኙ ነበር፤ የሦስት ሳምንት ሕመም ካሱን እስኪወስደው ድረስ።

«እትዬ ሻሺቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ጢሞቴዎስ አንገቱን ደፍቶ። «ቪዲዮዎቹን ዛሬ አጠፋቸዋለሁ።»

«እኔ ሳላያቸው?»

«አላዩም እንዴ?»

«የኔ ስልክ ከመደወል ሌላ ምን ያውቃል? እሱ ግን ቤት እየመጣ ያስተምረኝ ነበር። ‹ጉማሬ ዋና አይችልም፤ ውሃ ሥር በእግሩ ነው የሚሄደው› አለኝ አንድ ቀን። ‹አንተም አትችልም፤ ጉማሬ ነኝ በለኛ!› አልኩት።»

አጠገባቸው ያሉት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ልክነሽ ገላመጠቻቸው።

«በል አሳየኝ» አለች ሻሺቱ።

«እዚህ? ለቅሶ ላይ?»

«ታዲያ ሠርግ እስኪመጣ ልጠብቅ?»

ቪዲዮውን ከፍቶ ስልኩን ሰጣት። የካሱና የመምህሩ ሙግት ድንኳኑን ሞላው።

«ሙዝ ዛፍ አይደለም» ይላል ጢሞቴዎስ። «እንደ ጎመን እንጨት የሌለው ተክል ነው።»

«እና እኔ ሠላሳ ዓመት የጎመን ዘበኛ ነበርኩ?»

«እንሰትም እንደዚያው ነው።»

«ቀስ በል! ዶርዜ እንሰት የሚተክሉት አማቴ እንዳይሰሙህ!»

ካሱ ለማሳሳት የሚቆረጥ ገና ያላፈራ አንድ ሙዝ በገጀራ ጣለና ግንዱን ይልጥ ጀመር። አንዱን ንብርብር ሲያነሣ ሌላ፣ ሌላውን ሲያነሣ ሌላ። መጨረሻ ላይ ባዶ እጁን እያየ፣ «መምህር፣ እውነትህን ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ነው። ከዚያ ድንኳኑ በሞላ ሳቀ። ልክነሽ ከንፈሯን ነክሳ ብትታገልም አልሆነላትም።

«ይሄ ጉደኛ!» አለች እንባዋ እየወረደ። «ልጅ ሆኖም ሽንኩርት ውስጥ ምን እንዳለ ካላየሁ ብሎ የእናታችንን አንድ ቁና ሽንኩርት ልጦ ጨርሶታል እኮ! ያኔ መምህር የሚባል አጠገቡ አልነበረም።» ወደ ጢሞቴዎስ ዞረች። «አታጥፋው ልጄ። ተሳስቻለሁ።»

ጢሞቴዎስ ስልኩን ሊቀበል ወደ ሻሺቱ እጁን ዘረጋ። እሷ አልሰጠችውም። ቪዲዮው አልቆ የካሱ ፊት የስልኩ መስታወት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችና ግንባሩ ላይ ያለውን የመስኖ ጭቃ ቀስ ብላ ጠረገችለት።