ሩዙን የሚያፈስላት ወንድም

«ወንድም የላትም፤ በሠርጓ ቀን ሩዙን ማን ያፈስላታል?»

«ጊርዳሪ አለ አይደል?»

«እሱማ የወንድሜ ልጅ ነው።»

«እና? የወንድምሽ ልጅ ከሆነ ወንድሟ ነዋ።»

ሱሎቻና ይህን ከመጋረጃ ኋላ ስትሰማ ገና ልጃገረድ ነበረች። የጠያቂዋ ድምፅ የእናቷ ነው፤ የመላሹ የአባቷ ይሁን የካህኑ ግን ዛሬም ትዝ አይላትም። ማንም ይሁን ማን፣ አምላክ ይባርከው ትላለች።

አሁን በሟቹ በጊርዳሪ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣለች። በሐዘን ቤት ምድጃ አይነድምና በየጧቱ እንደ ደንቡ የእርድ ቅመም ያልነካው ሩዝና ምስር ቀቅላ ይዛ ትመጣለች። ጎረቤቲቱ ፉልማቲ ወደ አጠገቧ ሴት ጠጋ ብላ፣ «የአክስቱ ልጅ አይደለች? እንደ እናቱ ልጅ ነው እኮ የምታለቅሰው» ስትል ሰምታለች። አልተቀየመችም። በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ በእናት ይሁን በአባት በኩል፣ ለየብቻው ስም አለው። ስሙ ግን ዘር ሲቆጠር ነው የሚወጣው፤ ሲጠራሩ ወንድምና እህት ናቸው። አንድ ጊዜ አማቷ ጊርዳሪን ለእንግዶች «የአጎቷ ልጅ» ብለው ቢያስተዋውቁት፣ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «አባቴ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል፤ ለእሷ ወንድሟ ነኝ» ብሏቸዋል።

በሠርጓ ዕለት ጊርዳሪ ሙሽራ ለእሳቱ የምትሰጠውን የሩዝ ፈንዲሻ በእሳቱ ፊት በተጣመሩ እጆቿ ላይ ሲያፈስ እጁ ተንቀጠቀጠና ግማሹ እግሯ ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብሎ፣ «እጅሽን ግጠሚው እንጂ፣ ዶሮ ልትቀልቢ ነው?» አላት። ካህኑ እየጸለዩ እሷ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ወዲህ እህት በወንድሟ እጅ ክር የምታስርበት በዓል በየዓመቱ ሲደርስ ቀርቶ አያውቅም፤ ወንዙ በሞላበት ዓመት እንኳ ጫማውን በራሱ ላይ ተሸክሞ መጥቷል።

አሁን ደግሞ አንድያ ልጇ ኢላ ልትዳር ነው። እሷም ወንድም የላትም። ጊርዳሪ፣ «ልጄ ማሂፕ ያፈስላታል» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። ነገር ግን አባቱ የሞተበት ሰው ዓመት ሳይሞላው ሠርግ አይቆምም፤ የሙሽራው ወገኖችም እስከዚያ አይጠብቁም። ከጎረቤት ወንድም ሊለመንላት ነው። በሐዘን ቤት የሠርግ ወሬ ማንሳት ነውር ስለሆነ ሱሎቻና አፏን ይዛ ሰነበተች።

የሐዘኑ ቀናት ሲያበቁ ሽማግሌዎቹ በማሂፕ የተላጨ ራስ ላይ የአባቱን ጥምጥም አሰሩለት። ምድጃው ተለኮሰ። ሱሎቻናም ባዶ ድስቷን አንስታ ስትወጣ ማሂፕ በር ላይ ደረሰባት።

«ቡዋ» አላት፤ የአባት እህት የሚጠራው እንዲህ ነው። «የኢላ ሠርግ መቼ ነው?»

«ተወው ልጄ። አሁን ምኑ ይነሳል።»

«ዓመቱ ሳይሞላ?» አለች ፉልማቲ ከውስጥ።

ማሂፕ ዞር አላለም። «አባቴ ታሞ ሳለ፣ ‹የአንተ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ› ብሎኛል። ለዘፈኑም ለግብዣውም አልቀመጥም፤ ሩዙን አፍስሼ እመለሳለሁ።»

ሱሎቻና ድስቱን መሬት አስቀመጠች። ያን ጊዜ በእሳቱ ፊት እንዳደረገችው፣ ሁለት እጆቿን አጣምራ ዘረጋችለት።

ማሂፕ ባዶ ጭብጡን ከእጆቿ በላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ፈታው።

«እንዲህ ነው አይደል፣ ቡዋ?»